«የማን ልጅ ነህ?» የአሮጌ ሞተር ሳይክል መጽሐፈ ጥገና ፍለጋ

በሀገራችን ልማድ እንግዳ ሰው ከደጅ ሲደርስ፥ ተቀምጦ ውሃ ከቀመሰ በኋላ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው፤ አባቱ ከታወቀ አገሩም ጠባዩም ዘመዶቹም አብረው ይታወቃሉና። አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ወይም ወርሶ በገዛ እጁ ሊያድሰው የሚሻ ሰውም፥ መጽሐፈ ጥገናውን ለማግኘት ሲነሣ መጀመር የሚገባው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ዘልሎ፥ በነዳጅ ሰልባትዮው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ስም ብቻ ይዞ ፍለጋ ስለሚወጣ፥ የሚያገኘው መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ የአጎት ልጅ፥ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ የባዕድ መጽሐፍ ይሆንበታል።

የሞተር ሳይክል እውነተኛ ስም የሚነበበው ከቀለሙ ሳይሆን ከብረቱ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ፥ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በታችኛው የሞተር አካል ጎን ላይ ታትሞ ስለሚገኝ፥ ባለቤቱ ለዓመታት የደረቀውን ጭቃና ዘይት ጠርጎ፥ ከፊተኛው ፊደል እስከ ኋለኛው አሐዝ አንድም ሳይቀር መገልበጥ ይኖርበታል፤ ከስሙ ኋላ የምትከተል አንዲት ፊደል ዘመኑን ትለያለችና። ባረጀ ማሽን ላይ ሞተሩ ከሌላ መጥቶ የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ ቁጥሮች በየራሳቸው ይመረመራሉ። በእኛ ሀገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በሊብሬው ላይ የሠፈረው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓውያን? የተሠራበት ነው ወይስ የተመዘገበበት? የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 7 ወይም 8 ዓመት ነውና፥ ፋብሪካው በዚያ መካከል ኤሌክትሪኩን ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት አሳድጎት ከነበረ፥ ዓመቱን የሳተ ሰው የሌላ ማሽን የመብራት መስመር ሲከተል ይውላል።

ስሙ ከታወቀ በኋላ የሚፈለገው መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል፤ «ማኑዋል» በሚለው በአንዱ ስም የሚጠሩት መጻሕፍት ሦስት ናቸውና። የባለቤቱ መመሪያ ዘይት መቼ እንደሚለወጥ፥ ጎማ ምን ያህል እንደሚነፋ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ነው። መጽሐፈ ጥገናው ሞተሩ የሚፈታበትንና የሚገጠምበትን ሥርዓት፥ የእያንዳንዱን አካል ልክና የኤሌክትሪኩን መስመር ሥዕል የያዘ ነው። የመለዋወጫው ዝርዝር ደግሞ አካላቱን በአየር ላይ እንደ ተበተኑ አድርጎ በቅደም ተከተል ስለሚሥል፥ የቱ ዳዶ ከየቱ ቀለበት በፊት እንደሚገባ ለጠፋበት ሰው ከረጅም ሐተታ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ከሥዕሉ ጎን የሚሰጠው ቁጥርም ከነጋዴ ጋር ያለ ክርክር ያግባባል። በኋለኞቹ ዓመታት ለወጡት ማሽኖች አንዳንድ ፋብሪካ የተለወጠውን ብቻ በተጨማሪ ክፍል ያሳትማልና፥ ያንን ብቻ ያገኘ ሰው ብሉይን ሳይዝ ሐዲስን እንደ ከፈተ ተማሪ ስለሚሆን፥ ዋናውን መጽሐፍም ይፈልግ።

የፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ሙያውን ለተማረና ልዩ መሣሪያ ላለው ሠራተኛ ስለ ሆነ፥ «ሞተሩን አውርድ» የሚለው ትእዛዝ በአንድ መስመር ያልቃል፤ ላልተማረው ግን ያ አንድ መስመር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ይህን ጉድለት ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ሄይንስ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ሆኖ ከቀይ ባሕር ማዶ በዓደን ሲያገለግል፥ ባልንጀራው የገዛትን አሮጌ የኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና አብረው ሲያድሱ የፋብሪካው መጽሐፍ ለተራ ባለቤት የማይመች ሆኖ ስላገኘው፥ ሲፈቱና ሲገጥሙ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በ1966 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ የመጀመሪያው እትም 3,000 ቅጂም ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሸጦ አለቀ። በአሜሪካም በወጣትነቱ የሞተር ሳይክል እሽቅድድም ታዋቂ የነበረው ፍሎይድ ክላይመር ለባለቤቶች የሚሆኑ መጻሕፍትን በማሳተም ስሙን አቆይቷል። በሁለቱ ስም የሚታወቁት የጥገና መጻሕፍት ዛሬም ይነበባሉ። ሁለቱንም ዓይነት ማግኘት የቻለ ሰው ልኩን ከፋብሪካው፥ የእጁን አካሄድ ከእነዚህ ቢወስድ መልካም ነው።

ነገር ግን መጽሐፍ የሌለው፥ ወይም ያለውም በቻይንኛ የሆነ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ምን ያድርግ? ትውልድ መቁጠር እጅግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የጃፓኑ ሆንዳ በአውሮፓውያኑ 1976 ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ሳይክል ሲያወጣ፥ ያሰበው ዘይት በወቅቱ የማይለወጥበትንና ጋራዥ የሚርቅበትን አገር ነበር። ከእርሱ በፊት በነበረው ሲቢ 125 ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ፥ ማለት ዘይት ሲጎድል አስቀድሞ በሚጠማው ስፍራ፥ ይገኝ ስለ ነበር፥ መሐንዲሶቹ ወደ ታች አውርደው ቫልቮቹን በቀጫጭን ዘንጎች የሚገፋ አደረጉት። ሞተሩ ቻይ ስለ ሆነ የቻይና ፋብሪካዎች ቀድተው በልዩ ልዩ ስም በዓለም ሁሉ በተኑት። ስለዚህ ስሙ ምንም ቢሆን፥ ካምሻፍቱ ከታች ሆኖ የሲሊንደሩ ወርድ 56.5 ሚሊ ሜትር፥ የፒስተኑ ጉዞ 49.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፥ ማለት ይዘቱ 124 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ከመጣ፥ የሲጂ ወገን መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጉዞው ሳይለወጥ ወርዱ 62 ሚሊ ሜትር የሆነው 150 የሚባለውም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ያን ጊዜ የአባቱ መጽሐፍ ለልጁ ሞተር ያገለግላል፤ በቀዝቃዛ ሞተር የሚለካው የቫልቮቹ ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር፥ ከጠጉር ውፍረት የማይርቅ ልክ መሆኑንም ከዚያ ያነባል። ብረት ሲግል ስለሚረዝም ይህች ክፍተት ከጠፋች ቫልቩ አልዘጋ ብሎ በእሳት ይበላል። ይሁን እንጂ ዝምድናው በሞተሩ ነው እንጂ በፍሬኑና በመብራቱ ስላይደለ፥ ከዚያ አልፎ መጽሐፉን ማመን አይገባም።

መጽሐፉ ከተገኘ በኋላም ንባቡ ብቻውን አያደርስም፤ ትርጓሜ ይሻል። የጋራዣችን ቋንቋ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የወረስነው ነውና፥ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን እያለ ያደገ መካኒክ፥ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ክላች፣ ስፓርክ ፕላግ፣ ቤሪንግ፣ ጋስኬት ተብለው ሲያገኛቸው የማያውቃቸው ይመስለዋል፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን አዘጋጅቶ መያዝ ብዙ ድካም ይቀንሳል። መለኪያውም እንደዚሁ ነው። የቆዩ የጃፓን መጻሕፍት ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል በኪሎ ግራም ሜትር ሲሰጡ፥ ያሁኑ መሣሪያ የሚያነበው በኒውተን ሜትር ነውና፥ አንዱ 9.8 መሆኑን ያላወቀ ሰው ብሎኑን ይቆርጣል ወይም ላልቶ ይተወዋል። በጃፓን ማሽን ላይ ያሉት ባለ መስቀል ብሎኖችም ከምዕራባውያኑ ጥቂት የተለየ ቅርጽ ስላላቸው፥ በተለመደው ካቻቢቴ በግድ የሚፈታቸው ሰው ራሳቸውን አበላሽቶ ይቀራል።

ፍለጋው የት ይሁን? በየወረዳው ለግብርናና ለጤና ሠራተኞች የታደሉት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ማሽኖች መጽሐፍ ከቢሮው መጋዘን፥ ከአሮጌ ዕቃ ሣጥን ሥር ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ነጋዴ፥ በጋራዥም ያረጀ መካኒክ ቢጠየቅ፥ መጽሐፉ ባይኖረው እንኳ ማን እንዳለው ያውቃል። በኢንተርኔትም ብዙዎቹ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ይገኛሉ፤ ያወረደ ሰው ግን በብራና ዘመን ደብተራው ያደርግ እንደ ነበረው ቅጂውን ከአብነቱ ጋር ያመሳክር፤ የጠፋ ገጽ አለመኖሩን፥ በውስጡ የተጠቀሰው የሻንሲ ቁጥር ከራሱ ማሽን ጋር መስማማቱን ይመርምር።

በመጨረሻም የታተመውን ቅጂ ከዘይት በሚከላከል ፕላስቲክ ጠቅልሎ፥ ቀደምት ባለ መጻሕፍት በብራናቸው ባዶ ገጽ የርስታቸውን ነገር ይመዘግቡ እንደ ነበር፥ በመጀመሪያው ገጽ ሁለቱን ቁጥሮች፥ በኅዳጉም የለወጠውን ዕቃ፥ የለካውን ክፍተትና ቀኑን ይጻፍበት። ሞተር ሳይክሉ በሊብሬ ዝውውር ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ መጽሐፉ አብሮ ቢሄድ፥ አዲሱ ባለቤት የማሽኑን አንገት ጠርጎ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ለመጠየቅ አይደክምም።