ቀጠሯችን የት ገባ? ኮምፒዩተር የካላንደር ፋይልን እንዴት እንደሚፈልግ

ይህን ጽሁፍ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የተበላሸ ቀጠሮ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለክፍል ስራ ከአንድ ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት ሰራተኛ ጋር ቃለ መጠይቅ ይዘን ነበር። የእርሳስ ፊደል በእጃቸው እየለቀሙ ጋዜጣ ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። በኋላ ግን ሐሙስ ክፍለ ሀገር ወደሚኖረው ልጃቸው ስለሚሄዱ ማክሰኞ እንዲሆንላቸው ጠየቁ። ስልኩን ያነሳችው የቡድናችን ልጅ ቀኑን ወዲያው በጋራ ካላንደራችን ላይ አስተካከለች። ሁላችንም የምናየው እዚያ ስለሆነ ለየብቻ መደወል አላስፈለጋትም።

ካላንደሩ ያለው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር አንድ ፍላሽ ላይ ነው። ሰኞ ዕለት ፍላሹን ላብ ውስጥ ሁልጊዜ በምጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ሰካሁት፤ ፕሮግራሙን ከፈትኩ፤ ሐሙስ የሚል አየሁና ተረጋግቼ ወጣሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ቡና አስፈልቼ ብጠብቅ ብጠብቅ ቀራችሁብኝ እኮ!» አሉኝ። ሐሙስ እሳቸው ሄዱ፤ ስራችንም ያለእሳቸው ገባ።

መጀመሪያ የወቀስኩት ጓደኛዬን ነበር። ፍላሹን አብረን ስንከፍተው ግን ማክሰኞ ተብሎ በትክክል ተጽፏል። ታዲያ ፕሮግራሙ ሐሙስን ከየት አመጣው? መልሱን ፍለጋ የደረስኩበትን እነሆ።

ካላንደር ማለት ፋይል ነው

ስክሪን ላይ የምናየው ባለ ሳጥን ካላንደር መልኩ ብቻ ነው። ቀጠሮዎቹ ያሉት ከጀርባው ባለ ፋይል ውስጥ ነው። በብዛት የሚታወቀው ስሙ በአይሲኤስ የሚያልቀው ፋይል ሲሆን፣ በኖትፓድ ቢከፈት ተራ ጽሁፍ ሆኖ ይገኛል፦ ቀጠሮው መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ርዕሱ ምን እንደሆነ በየመስመሩ ተዘርዝሯል። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ስለሚጻፍ የኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እዚያ 6 ሰዓት ተብሎ ቢገኝ አይግረማችሁ። ይህ አጻጻፍ አይካላንደር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ቪካላንደር መሰረት አድርጎ በ1998 አርኤፍሲ 2445 በሚባል ሰነድ ጸደቀ፤ በ2009 ደግሞ በአርኤፍሲ 5545 ተተካ።

ሁሉም ፕሮግራም ግን እንዲህ አያስቀምጥም። የተለመደው አውትሉክ ኢሜይሉንም ቀጠሮውንም በአንድ ፒኤስቲ ፋይል ውስጥ ሊያኖር ይችላል። ተንደርበርድ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ካላንደር በትንሽ ዳታቤዝ ይይዛል።

ፕሮግራሙ የሚፈልገው በአድራሻ ነው

ብዙዎቻችን የማመሳሰያ ፕሮግራም ዲስኩን በሙሉ አስሶ ካላንደራችንን የሚያገኝ ይመስለናል። አይደለም። ዲስክ ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፋይል ሊኖር ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያገኘው ፋይል የኛ ይሁን ከአምና የቀረ ቅጂ ማወቂያ የለውም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት መንገዶች በአንዱ ይሄዳል።

አንደኛው የተለመደውን ቦታ ማየት ነው። ችግሩ የተለመደው ቦታ ራሱ ይቀየራል። እስከ አውትሉክ 2007 ድረስ የፒኤስቲ ፋይል የሚቀመጠው በተጠቃሚው ስም ስር ባለ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነበር። ከአውትሉክ 2010 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠረው ዶክዩመንትስ ውስጥ አውትሉክ ፋይልስ በሚባል ፎልደር ሆነ። የድሮውን ቦታ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስታወሻ ማንበብ ነው። ለምሳሌ ተንደርበርድ ሲነሳ መጀመሪያ ፕሮፋይልስ የምትባል ትንሽ ፋይል ያነብባል። እሷ የተጠቃሚው ፎልደር የት እንዳለ ትነግረዋለች፤ ካላንደሩም እዚያው ውስጥ ነው።

ሦስተኛው በባለቤቱ ስም መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የቀረበው ፓይለት የተባለው የኪስ ኮምፒዩተር እንዲህ ያደርግ ነበር። ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ የተጠቃሚውን ስም ያሳውቃል፤ ሶፍትዌሩም በዚያ ስም የተከፈተውን ፎልደር ፈልጎ የሁለቱን ቀጠሮ ያስታርቃል።

አራተኛው እኛን መጠየቅ ነው። ፋይሉ የት እንዳለ አንድ ጊዜ እናሳየዋለን፤ እሱም አድራሻውን መዝግቦ ሁልጊዜ እዚያው ይሄዳል። የኛ ፕሮግራም የሚሰራው በዚህ መንገድ ነበር። ጉዱም የመጣው ከዚህ ነው።

የዲስክ ፊደል ጣጣ

በዊንዶውስ የፋይል አድራሻ የሚጀምረው በዲስክ ፊደል ነው። ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ዲስክ የተያዙ ነበሩ፤ ሲ ብዙ ጊዜ ዋናው ዲስክ ነው። ፍላሽ ሲሰካ ክፍት ከሆኑት ፊደሎች አንዱ ይሰጠዋል። እኔ አድራሻውን ያስመዘገብኩት ፍላሻችን ኤፍ በነበረበት ቀን ነው። ሰኞ ዕለት ግን ሌላ ተማሪ ረስቶት የሄደ ፍላሽ ቀድሞ ኤፍን ይዞ ነበር፤ የኛው ጂ ሆነ። ፕሮግራሙ እንደተነገረው ኤፍ ጋ ሄደ፤ ፎልደራችን የለም። በዚህ ጊዜ ባለፈው የተመሳሰለውን፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስቀረውን ቅጂ አሳየኝ። ሐሙስ የመጣው ከዚያ ነው! ጥግ ላይ ማመሳሰል አልተቻለም የሚል ትንሽ ምልክት ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ነገሩ እንግዳ ሰውን «ከቢጫው ኪዮስክ ቀጥሎ ያለው ግቢ ነው» ብሎ እንደመላክ ነው። ኪዮስኩ ከተነሳ እንግዳው ቤቱ በቦታው እያለ ይጠፋበታል። መፍትሄው የቤት ቁጥር ነው። ዲስክም የቤት ቁጥር አለው፤ ፎርማት ሲደረግ ከቁጥርና ከፊደል የተውጣጣ ባለ ስምንት ምልክት መለያ ይጻፍበታል። በዊንዶውስ ቮል በሚባለው ትእዛዝ ማየት ይቻላል። ጠንቃቃ ፕሮግራም ፊደሉን ሳይሆን ይህንን መለያ መዝግቦ፣ ዲስኩ ኤፍም ይሁን ጂ ያውቀዋል። እንደገና ፎርማት ከተደረገ ግን ቁጥሩም ይቀየራል።

ሁለት ፋይል ሲገኝስ?

ፋይሉን ማግኘት ግማሹ ስራ ነው። ፍላሹም ኮምፒዩተሩም ላይ ካላንደር ካለ የትኛው ይታመን? የፋይሉን ቀን ማየት ቀላል ይመስላል፤ ግን ያሳስታል። ዊንዶውስ ላይ አንድ አሮጌ ፋይል ኮፒ ሲደረግ የተፈጠረበት ቀን የዛሬ ይሆናል፤ ይዘቱ ግን ያው የድሮው ነው። የኮምፒዩተሩ ሰዓት የተዛባ ከሆነማ ቀኑ ጭራሽ አይታመንም።

ስለዚህ አይካላንደር ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ዩአይዲ የሚባል የራሱ መለያ እንዲኖረው ያዛል። ፋይሉ ስሙም ቦታውም ቢቀየር የቀጠሮው መለያ አይለወጥም። ቀጠሮው ስንተኛ እርማቱ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ተራ ቁጥርም ሊኖረው ይችላል። ዩአይዲያቸው አንድ የሆኑ ሁለት ቀጠሮዎች ሲገኙ ትልቁ ተራ ቁጥር የኋለኛው ነው። በኛ ጉዳይ ፕሮግራሙ ጂን ቢከፍት ኖሮ ሐሙስና ማክሰኞ አንድ ቀጠሮ መሆናቸውን በመለያቸው ያውቅ ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ቢሆን

«ለምን ኢንተርኔት ላይ አላደረጋችሁትም?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ካልዳቭ የሚባል ደንብ ከወጣ በኋላ ዋናው ካላንደር ሰርቨር ላይ ሆኖ ሁሉም ኮምፒዩተር ከዚያ እንዲያነብ የሚያስችል የጋራ መንገድ ተገኝቷል። ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ብዙ ፕሮግራሞች የሚያሳዩን ያው ኮምፒዩተሩ ወይም ስልኩ ውስጥ የቀረውን ቅጂ ነው። የዲስክ ፊደል ጣጣ ይቀራል እንጂ የአሮጌ ቅጂ ጣጣ አይቀርም።

በመሆኑም ለዲፓርትመንታችን ልጆች የምለው አጭር ነው። የጋራ ፍላሽ ካላችሁ በምትጠቀሙበት ኮምፒዩተር ላይ በዲስክ ማኔጅመንት ቋሚ ፊደል ስጡት፤ ከመጨረሻዎቹ ፊደሎች አንዱ ቢሆን ይመረጣል። ካላንደር ስትከፍቱ ቀጠሮውን ከማየታችሁ በፊት መጨረሻ የተመሳሰለው መቼ እንደሆነ እዩ። እኛ ምንጭ የነገረንን ሳናጣራ አንጽፍም አይደል? ካላንደርም ምንጭ ነው።

አባባ ከልጃቸው ዘንድ ተመልሰዋል። ይቅርታ ጠይቀን ለሚቀጥለው ስራ አዲስ ቀጠሮ ሰጥተውናል። ካላንደሩ ላይ ገብቷል፤ ደውዬም አረጋግጫለሁ።