ከዘፋኙ ኋላ የቆሙት

«ኧረ መላ መላ»ን ማን ተጫወተው ብላችሁ ጠይቁ፤ «ማሕሙድ አሕመድ ነዋ!» ይሏችኋል። ማሕሙድማ ዘፈነው። የተጫወተው፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ አይቤክስ ባንድ ነው፤ በኋላ ሮሃ ባንድ የተባለው። ከዋሊያስ ባንድ ጋር የምታምታቱትም አደብ ግዙ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የዋሊያስ ነው፣ የእነዚህ አይደለም።

የባህሉን ምትና ቅኝት በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝና በድራም መጫወት ዛሬ ማንም የሚያደርገው ይመስላል። ያኔ ግን መንገዱ ገና እየተጠረገ ነበር። ሰላም ስዩም ሊድ ጊታሩን ይዟል፤ ስለ እሱ ብዙ ስለተባለ ልለፈው። እኔን የሚያንገበግበኝ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነው።

ችክችካ የሚባለው የባህሉ ስልት ስድስት ምት አለው። ስድስቱን ለሁለት ብትከፍሉት እግር ይራመድበታል፤ ለሦስት ብትከፍሉት ትከሻ ይጠይቃል። ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች ሁለቱንም በር ክፍት ትቶ፣ ያንኑ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይዞራል። ብዙ ሰው ይህን ድግግሞሽ ስንፍና ያደርገዋል፤ «ቤዙማ አንድ ነገር ነው የሚለው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ጊታር የሚችል ጓደኛችሁን ያንን ሐረግ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣ ጌጥ ሳይጨምር እስከ ዘፈኑ መጨረሻ እንዲይዝላችሁ ለምኑት! ማሕሙድ እንደ ልቡ ዜማውን የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው፣ የሚመለስበት ቤት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

ታዲያ ይህን ዘፈን በስልክ ድምፅ ማጉያ የምትሰሙ ምን ልበላችሁ? የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ ለዚያ የሚበቃ አየር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማጉያ አትገፋውም። የሰማችሁት ዘፈኑ ሲቀነስ ቤዙ ነው። ከልደታ ወደ ሜክሲኮ የሚጭን አንድ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ማጉያው ግሩም ሆኖ ሳለ መግቢያውን እየዘለለ ቀጥታ ወደ ድምፁ ይሄዳል። «ወንድሜ፣ ባንዱ እኮ እዚያ ጋ ነው ያለው» ብለው፣ «ሒሳብ ከኋላ!» ብሎኝ እርፍ።

ቤልጅየም ያለው ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1986 ለአውሮፓ ሲያሳትም፣ አማርኛ የማይሰማ ጆሮ ግጥሙን ስለማይከተል ባንዱን ለመስማት ተገደደ። እኛ በግጥሙ ተጠምደን ቀረን። እንደኛ ላለው ሰው፣ አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል የቀዳው «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሚዩዚክ» አለ፤ የሚዘፍንበት ሰው የለም። ያ ሹፌርም ቢከፍተው፣ መግቢያው የት እንደሚያልቅ ስለማያውቅ መዝለያው ይጠፋዋል።