ያውቁ ኖሯል? ኮርድን ድምፅ በድምፅ የሚፈታው ሶሎ

«አርፔጆ» የሚለው ቃል ሥሩ የጣልያንኛው «አርፓ» ነው፤ ባለብዙ ክሩ ሃርፕ ማለት ነው። ኮርድ ሲመታ ድምፆቹ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ፤ በአርፔጆ ግን እየተከታተሉ ይወጣሉ።

የኢግልስ ባንድን «ሆቴል ካሊፎርኒያ» (1976 እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያድምጡ። ጊታሪስቶቹ ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ ሶሎውን ሲቀባበሉ ቆይተው በመጨረሻ ሁለቱ ጊታሮች ተጣምረው የዘፈኑን ስምንት ኮርዶች ድምፆች በየተራ ይዘረዝሯቸዋል። ከዚህ ያማረ የሶሎ መዝጊያ ብዙም አልሰማሁም።

ምስጢሩ ሁለተኛው ኮርድ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዘፈኑ በቢ ማይነር ነው፤ በዚያ ስኬል ውስጥ ያለው ኤ ሻርፕ የሌለው ተራ ኤ ነው። ሁለተኛው ኮርድ ኤፍ ሻርፕ ሜጀር ግን ኤ ሻርፕን ይፈልጋል። በስኬሉ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሶሎይስት ይህን ድምፅ ያልፈዋል፤ ኮርዱን በአርፔጆ የተከተለ ግን በትክክል ያርፍበታል። ስለዚህም አጃቢው ዝም ቢል እንኳ ጆሯችን የኮርዱን መለወጥ ከሶሎው ብቻ ይረዳል።

ለሚለማመዱ፦ እያንዳንዱን ድምፅ እንደመቱ ጣትዎን ከክሩ ላይ ላላ ያድርጉ። አለበለዚያ ድምፆቹ ተደራርበው ተመልሰው ኮርድ ይሆናሉ።