ፔንዲንግ ያለ ሁሉ አልጠፋም፦ ስለ ክሪፕቶ ዝውውር የሚወራውና እውነታው

ከጎንደር ፒያሳ ካፌዎች እስከ ማራኪ ግቢ የተማሪዎች ማደሪያ «ገባልህ?» «ኧረ ገና፣ ፔንዲንግ ይላል» የሚለው ንግግር እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። አንዱ ከእስራኤል ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የላከለትን ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ይጠብቃል፤ ሌላው በኢንተርኔት የሠራበትን ሒሳብ፤ ሌላው ደግሞ በቴሌግራም ጨዋታ ስክሪን ሲነካ ከርሞ ያገኛትን። ገንዘቡ ሲዘገይ ምክንያቱን የሚመረምር ጥቂት ነው። ከጓደኛ ጓደኛ የመጣ ወሬ ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያከስረውም ያ ወሬ ነው።

ወደ ወሬው ከመግባታችን በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ግቡበት» የሚል ምክር አይደለም። የገባበት ሰው ግን ብዙ ነው፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ሲቀር ደግሞ ሄዶ አቤት የሚልበት የባንክ መስኮት የለውም። ያለው መከላከያ አሠራሩን ማወቅ ብቻ ነው።

ተረት፦ የዝውውር ክፍያ የሚቆረጠው በሚላከው ገንዘብ ልክ ነው።

እውነታ፦ ይህን ያስለመዱን ባንክና ሐዋላ ቤት ናቸው። የቢትኮይን መረብ የገንዘቡን መጠን አይጠይቅም፤ የሚያስከፍለው ዝውውሩ መዝገቡ ላይ ለሚይዘው ቦታ ነው። ከጎንደር መናኸሪያ ወደ ደባርቅ በሚወጣ መኪና ዕቃ የላከ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ ረዳቱ ሒሳብ የሚጠይቀው ጆንያው የያዘውን ቦታ አይቶ ነው፤ ውስጡ ጤፍ ይሁን ወርቅ ጉዳዩ አይደለም። በቢትኮይን በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ (የዝውውሮች ጥቅል) ይዘጋል፤ የብሎኩ ቦታ የተወሰነ ስለሆነ፣ ወረፋ ሲበዛ ብሎክ የሚዘጉት ማይነሮች ለያዘው ቦታ የተሻለ የከፈለውን ያስቀድማሉ።

ከዚህ አንድ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነገር ይከተላል። ሃያ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ቢትኮይን የተቀበለ ሰው ያንን ሰብስቦ ሲልክ፣ ያንኑ ያህል በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ከሚልከው በላይ ይከፍላል። ሃያዎቹ ቁራጮች እያንዳንዳቸው መዝገቡ ላይ ቦታ ይይዛሉና። ሌባ የሰረቀው የሚመስለው ብዙ ሰው ነው።

ክፍያውና መጠኑ ምን ያህል የማይተዋወቁ እንደሆኑ ለማየት የጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም.ን ጉድ ማስታወስ ይበቃል። ፓክሶስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 2 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቢትኮይን ሲልክ፣ በሲስተም ስሕተት 19 ነጥብ 8 ቢትኮይን፣ ማለትም ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ለክፍያ ብቻ አወጣ። መረቡ ምንም አላለም፤ ተቀበለ፤ መዘገበ። ገንዘቡ የተመለሰው ብሎኩን የዘጋው ኤፍቱፑል የተባለ የማይነሮች ማኅበር በጎ ፈቃዱ ሆኖ ስለመለሰው ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለአንድ የአዘዞ ተማሪ ይገጥመዋል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው፤ ስለዚህ «ላክ» ከመጫን በፊት የክፍያውን ቁጥር ለብቻው ማንበብ ያሻል።

ቀን መምረጥም ዋጋ አለው። ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የማይነሮች ሽልማት በግማሽ በተቀነሰበት ሰሞን፣ አማካዩ የቢትኮይን ክፍያ በአንድ ቀን ከ120 ዶላር በላይ ወጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ረግቧል። ያን ቀን 50 ዶላር ለእናቱ ሊልክ የተነሣ ሰው ቢኖር፣ የሚሻለው መታገሥ ነበር።

ተረት፦ ፔንዲንግ ካለ ጠፍቷል፤ ድጋሚ መላክ ነው።

እውነታ፦ «ዘገየ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። የት ነው የዘገየው? አንድ ዝውውር የሚያልፍባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ላኪው የሚጠቀምበት የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት ነው፤ ባይናንስ ወይም ሌላ። ድርጅቱ ወጪውን ይመረምራል፤ የይለፍ ቃል በቅርቡ ከተቀየረ ለ24 ሰዓት ወጪ ሊያግድ ይችላል፤ በፒቱፒ (ሰው ከሰው በቀጥታ በሚገበያይበት) የተገዛ ኮይንም ለተወሰነ ሰዓት እንዳይወጣ የሚያዝበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ያለ ገንዘብ ገና መረቡን አልነካም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የዝውውሩ መለያ፣ ልጆቹ ቲኤክስ አይዲ ወይም ሃሽ የሚሉት ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ገና አልተሰጠም። ሃሽ ከሌለ ጥያቄው ለድርጅቱ ነው።

ሃሽ ካለ ማንም ሰው፣ ያለ ምንም የይለፍ ቃል፣ መዝገቡን ከፍቶ ማየት ይችላል፤ ለትሮን መረብ ትሮንስካን፣ ለኢተሪየም ኢተርስካን፣ ለቢትኮይን ሜምፑል ስፔስ አሉ። ላኪው «ልኬልሃለሁ፣ ጠብቅ» ሲል «ሃሽ ስጠኝ» ማለት ነውር አይደለም። ታላቅ ወንድምም ቢሆን።

ሁለተኛው ቦታ መረቡ ራሱ ነው። ትሮን ላይ ብሎክ በየ3 ሰከንዱ ይዘጋል፤ ዝውውሩ የማይቀለበስ የሚሆነውም በአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ትሮን ላይ «ሁለት ሰዓት ሆነው» ከተባለ ጥፋቱን መረቡ ላይ መፈለግ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ቢትኮይን ላይ ግን ዝቅተኛ ክፍያ የተሰጠው ዝውውር ለቀናት ሊቆም ይችላል። እዚህ ላይ ድጋሚ የላከ ሰው ሁለቱም ሲያልፉለት ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ መልስልኝ የሚባልበት መንገድ የለም። ትክክለኛው ዘዴ የቆመውን ዝውውር ራሱን ክፍያ ጨምሮ መተካት ነው፤ ብዙ ዋሌቶች (የኮይን መያዣ መተግበሪያዎች) ለዚህ ቁልፍ አላቸው። ምንም ካልተደረገም አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ከ14 ቀን በኋላ ከወረፋው ያወጡታል፤ ገንዘቡም ከላኪው እጅ ፈጽሞ ያልወጣ ሆኖ ይቀራል።

ኢተሪየም ሌላ ጠባይ አለው። ከአንድ አድራሻ የሚወጡ ዝውውሮች በቁጥር ተራ ይሰለፋሉ፤ ቁጥር 7 ከቆመ ቁጥር 8 አያልፍም። የፈለገውን ያህል ደጋግሞ የላከ ሰው ሰልፉን አስረዘመ እንጂ አላፋጠነም። ደግሞ ኢተሪየም ላይ የከሸፈ ዝውውርም ያስከፍላል፤ ሥራው ተሠርቷልና።

ሦስተኛው ቦታ የተቀባዩ ድርጅት ነው። መዝገቡ «ተሳክቷል» ካለ በኋላ እንኳ ድርጅቱ ተጨማሪ ብሎኮች እስኪዘጉ ይጠብቃል። አራተኛው ኮይኑ ወደ ብር የሚለወጥበት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ እዚህ አገር ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነውና።

ተረት፦ ዩኤስዲቲ ካለኝ ክፍያውም ከዚያው ላይ ይቆረጣል።

እውነታ፦ ከባይናንስ ሲወጣ አዎ፤ ድርጅቱ ራሱ የተመነውን ቁርጥ ዋጋ ከዚያው ይቀንሳል። ከግል ዋሌት ሲላክ ግን በአብዛኛው አይሆንም። ትሮን ላይ ክፍያው ቲአርኤክስ በተባለው የመረቡ ሳንቲም ነው፤ ኢተሪየም ላይ በኢተር። 300 ዩኤስዲቲ ይዞ አንዲት ቲአርኤክስ የሌለው ሰው ገንዘቡን ከማየት በቀር ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የትሮን ክፍያ ከግማሽ በላይ ከወረደ ወዲህ ለአንድ የዩኤስዲቲ ዝውውር ከ6 እስከ 7 ቲአርኤክስ ያህል ይበላል፤ ተቀባዩ አድራሻ ዩኤስዲቲ የሌለበት ባዶ ከሆነ እጥፍ ያህል። «ትናንት ትንሽ ነበር፣ ዛሬ ለምን እጥፍ ሆነ?» ለሚለው ቅሬታ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አጭበርባሪዎች ይህን አሠራር ከጀማሪው በፊት አጥንተውታል። በቴሌግራም አንድ «ምስኪን» ብቅ ይላል፦ «ዋሌቴ ውስጥ ብዙ ዩኤስዲቲ አለ፣ ማውጣት አልቻልኩም፣ መክፈቻው 12ቱ ቃላት እነሆ፣ እርዱኝ»። የሚከፍተው ሰው ገንዘቡ በእርግጥ እንዳለ፣ የጎደለው ቲአርኤክስ ብቻ እንደሆነ ያያል። ልቡ ይመኛል፤ ቲአርኤክስ ይልካል። ያ ዋሌት ግን ለማውጣት የሌላ ሰው ፊርማ እንዲያስፈልገው ሆኖ የተሠራ ነው፤ የተላከችዋ ቲአርኤክስ ለባለቤቱ ትገባለች። እዚህ ላይ ለተበላው ሰው ማዘን ይከብደኛል፤ የሄደው የሰው ገንዘብ ሊያነሣ ነበርና።

ተረት፦ ርካሹን መረብ መምረጥ ነው፤ ሁሉም ያው ዩኤስዲቲ ነው።

እውነታ፦ ስሙ አንድ ቢሆንም መረቦቹ አይተዋወቁም። መመረጥ ያለበት ተቀባዩ የሚቀበልበት መረብ ነው። የትሮን አድራሻ በእንግሊዝኛው «ቲ» ፊደል ስለሚጀምር ከሌላው አይምታታም። ኢተሪየምና የባይናንስ ስማርት ቼይን ግን የሚጠቀሙበት የአድራሻ ዓይነት አንድ ነው፤ ሁለቱም በዜሮና በ«ኤክስ» ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ስሕተቱን የሚያስጠነቅቅ አይኖርም። ቶን በተባለው መረብ ወደ ድርጅት ሲላክ ሜሞ የሚባለውን ቁጥር የዘለለ ደግሞ ገንዘቡ ድርጅቱ ዘንድ ይደርሳል፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ቶንን ካነሣን፣ አንዳንዴ መረቡ ራሱ ይወድቃል። ዶግስ የተባለው ኮይን በታደለበት ሰሞን፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቶን በጭነት ብዛት ለሰዓታት ብሎክ መዝጋት አቁሞ ነበር። ያን ቀን ከመጠበቅ ሌላ የሚሠራ ብልሃት አልነበረም።

ተረት፦ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል።

እውነታ፦ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ዝውውሩን ፈርሞ ወደ መረቡ እስኪያስገቡት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች ይጨርሱታል። የተቀባዩ ስልክ ዳባት ላይ ባትሪ ጨርሶ ቢተኛም ገንዘቡ በአድራሻው ይመዘገባል፤ ኮይኑ ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው።

የኔትወርክ መቆራረጥ የሚጎዳው አራተኛው ቦታ ላይ፣ ፒቱፒው ላይ ነው። በፒቱፒ ኮይኑ በድርጅቱ እጅ ተይዞ ይቆያል፤ ገዢው በተሰጠው ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜ 15፣ ብሩን አስገብቶ «ከፍያለሁ» የሚለውን መጫን አለበት። ብሩን በቴሌብር ልኮ ቁልፉን ሳይጫን ኔትወርክ ከሄደበት፣ ትእዛዙ በራሱ ይሰረዛል፤ ኮይኑ ወደ ሻጩ ይመለሳል፤ ብሩም ሻጩ ጋ ነው። ሻጩ ደግ ሰው ከሆነ ይመልሳል። ካልሆነ ደረሰኙን ይዞ ወዲያው ለድርጅቱ ማመልከት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ኔትወርክ በሚንገዳገድበት ሰዓት ትእዛዝ መክፈት ራሱ ስሕተት ነው።

ለሻጭ ደግሞ በተቃራኒው ነው። «ገባ» የሚል የጽሑፍ መልእክት ወይም የስክሪን ፎቶ አይቶ ኮይኑን ሪሊስ ማድረግ (ለገዢው መልቀቅ) አይገባም፤ ሁለቱም ይፈበረካሉ። በንግድ ባንክ *889#፣ በቴሌብር *127# ያለ ዳታ ይሠራሉና ቀሪ ሒሳብን በዚያ አይቶ፣ የላኪው ስም ከትእዛዙ ስም ጋር መግጠሙን አረጋግጦ ነው።

ተረት፦ ቢትኮይን በእኛው ኤሌክትሪክ እየተመረተ ስለሆነ ለእኛ ይፈጥናል።

እውነታ፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለማይነሮች ኃይል መሸጡ እውነት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙም ተነግሯል። ግን የትም ቦታ ማሽን ቢጨመር፣ ቢትኮይን በየ2016 ብሎኩ ራሱን አክብዶ ወይም አቅልሎ ወደ 10 ደቂቃው ይመለሳል። ማይነር ደግሞ አገር አይለይም፤ ክፍያ ነው የሚያየው።

ተረት፦ ክሪፕቶ ከሐዋላ ሁልጊዜ ይረክሳል።

እውነታ፦ ሰው የመረቡን ትንሽ ክፍያ አይቶ ይደሰታል፤ ዋናውን ወጪ አይቆጥርም። ውጭ ያለው ዘመድ ዩኤስዲቲውን ስንት ከፍሎ ገዛው? እዚህስ በስንት ብር ተሸጠ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከመረቡ ክፍያ ይበልጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ስለተቀየረም የድሮው ስሌት አይሠራም። እጅ የገባውን ብር ለተላከው ዶላር አካፍሎ ማየት ነው፤ ሐዋላው የሚሻልበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ተረት፦ የቆመ ገንዘብ እንዲለቀቅ ቀድሞ ክፍያ መላክ ያስፈልጋል።

እውነታ፦ በቴሌግራም «ሰፖርት ነኝ» ባይ ሁሉ የሚዘምረው ይህን ነው፦ የጋዝ፣ የግብር፣ የማረጋገጫ ክፍያ። የመረብ ክፍያ የሚቆረጠው ከላኪው ዋሌት ነው፤ ያውም በሚልክባት ቅጽበት። በቢትኮይንም በኢተሪየምም በትሮንም ተራ ዝውውር የሚቀበል ሰው ለመቀበል ብቻ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም።