ብሬከር የማያየው ብልጭታ

የዛሬው ንግግራችን በየቤታችን ስላለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ፊደል ቆጥራችኋልና፣ ሽቦ ስትገዙ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ።

በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ቮልት ማለት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ነው። በሽቦው ላይ 450/750 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ሽፋኑ የሚችለውን ቮልት ይነግራችኋል። ለ220 ከበቂ በላይ ነው። ታዲያ አንዳንድ ሰው «750 ከቻለ ምጣድ አያቅተውም» ይላል። አይደለም! ምጣድ የሚፈልገው ወፍራም ሽቦ ነው። ውፍረቱ ለብቻው ተጽፏል። ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ አንኮበርም እንዲሁ። ሲመሽ የኤሌክትሪክ ምድጃው ይበራል፣ በር ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል። ከአቡጀዲው ኮርኒስ በላይ ደግሞ ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፌስታል ተጠቅልሏል። መጋጠሚያው ይላላል። ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ ሲዘል ብልጭ ይላል፤ ያ ብልጭታ መዳብ ያቀልጣል፤ አቡጀዲማ ምን አቅም አለው?

«ብሬከር አለን» ትሉ ይሆናል። መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ተራው ብሬከር የሚያጠፋው ኤሌክትሪኩ ከልክ በላይ ሲበዛ ነው። በላላ መጋጠሚያ ላይ ኤሌክትሪኩ አይበዛም፤ ስለዚህ ብሬከሩ ዝም ይላል። በአሜሪካ ይህን ብልጭታ ለይቶ የሚያጠፋ ሌላ ዓይነት ብሬከር ተሠርቷል። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ በአዲስ ቤት መኝታ ክፍል እንዲገባ ደንግጓል። ሰው ተኝቶ እሳት አያይምና፣ ከመኝታ ቤት መጀመራቸው ተገቢ ነው።

ይህ መሣሪያ በቤታችሁ ከሌለ፣ ጠባቂው የእናንተው ዓይን፣ ጆሮና አፍንጫ ነው። ሶኬቱ ጠቁሯል? ሲነካ ይሞቃል? ጭር ጭር ይላል? የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል? ምጣድ ሲበራ አምፖሉ ይርገበገባል? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። መጋጠሚያውን በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ይሠር፣ ሳጥን ውስጥም ያግባው፤ ናስትሮ ብቻውን አይበቃም። እሳት ተነሥቶ እንደሆነም፣ ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ውኃ አትድፉበት። አፈር ወይም አሸዋ በትኑበት።