ልጁን ቤት ማድረስ የሥራው ግማሽ ነው

የጎዳና ልጆችን የሚረዳ ድርጅት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው አልጋ ወደተደረደረበት ግቢ ነው። ሬትራክ የተባለው ድርጅት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ካምፓላ ውስጥ «ታይገርስ ክለብ» ተብሎ ተመሠረተ፤ በ2007 ኢትዮጵያ ገባ፤ በ2018 ደግሞ ሆፕ ፎር ጀስቲስ ከተባለ ሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ማዕከሉ ልጁ የሚታጠብበት፣ የሚታከምበት፣ ያቋረጠውን ትምህርት የሚቀጥልበት ጊዜያዊ ማረፊያ ነው፤ መድረሻው ቤተሰብ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሰጥ ገንዘብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ልጁ ቤቱ ከገባ በኋላ ባለው ክትትል ላይ ሲውል ነው እላለሁ፤ ለጋሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ፎቶ የሚነሣውን ሕንፃ ነው።

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ላስቲክ ወጥሮ የሚያድር፣ ቀን ዕቃ የሚሸከም ወይም ሊስትሮ የሚሠራ፣ ረኃቡን በቡሌ ብርዱን በማስቲሽ የሚያስታግስ ልጅ እውነተኛ ስሙን እንኳ ቶሎ አይናገርም። ጎዳናው ያስተማረው መጠራጠርን ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ደጋግሞ እየተመላለሰ እምነቱን ማግኘት አለበት። ቤተሰብ ማፈላለጉም ቀላል አይደለም፤ ትንሽ ልጅ የሚያስታውሰው የገበያውን ቀን ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ታቦት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከቤት ያስወጣውም ሁልጊዜ ድህነት አይደለም፤ ዱላ አለ፣ የእንጀራ አባት አለ፣ «አዲስ አበባ ሥራ አለ» ያለ ደላላ አለ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ መፍትሔ በዘፈቀደ ነው።

«ልጁን ወደሸሸው ችጋር መልሶ መላክ ምን ይባላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት ብቻ ይዞ የተሸኘ ልጅ ተመልሶ ቢመጣ አይፈረድበትም። ለዚህም ነው ሥራው ከወላጅ ጋር መነጋገርን፣ የትምህርት ቁሳቁስን፣ እናት ጉልት የምትጀምርበትን መነሻ ገንዘብና ተደጋጋሚ ጉብኝትን የሚጨምረው። ቤቱ ራሱ አደጋ ከሆነ ዘመድ ወይም አሳዳጊ ቤተሰብ ይፈለጋል፤ ለጎረመሱት ሙያ ይሻላቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጅ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን፣ ይልቁንም ቤተሰቡን ለመደገፍ ምልክት ሆኖ እንዲታይ ይላል።

«እኔ ሳንቲም በእጁ እሰጠዋለሁ» የሚለውን ሰው አላቃልልም፤ የተራበ ልጅ የዓመት ዕቅድ አይበላም። ሳንቲሙን ግን ጉልበተኛው ሊቀማው፣ ማስቲሽ ሊገዛበትም ይችላል። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ድርጅት ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያስለመደው የምግብ ኩፖን ይህን ችግር በብልሃት ይፈታል፤ መንገደኛው ኩፖኑን ገዝቶ ይሰጣል፣ ተቀባዩ ሄዶ ይበላል። የሚመልሰው ግን የዛሬን ጥያቄ ነው። «ገንዘቡን ደመወዝ ይበላዋል» የሚለው ቅሬታ ደግሞ እዚህ ቦታውን ይስታል። ወላይታና ጋሞ ድረስ ወርዶ የልጁን ደብተር የሚያይ ሠራተኛ ደመወዝና የመኪና ኪራይ የእርዳታው አካል ናቸው። ይህ ማለት ግን ድርጅት አይጠየቅ ማለት አይደለም፤ በልጆቹ ስም የሚነግድ ሞልቷል። እናም ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ቤታቸው ከገቡት ልጆች ዛሬም እዚያው ያሉት ስንት ናቸው? ቁጥሩን ይዞ የሚመልስልዎትን ይደግፉ።