ስለ ብርቅ የጨዋታ ካርትሪጆችና ስለ አስመሳዮቻቸው

ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1987 «ስቴዲየም ኢቨንትስ» የሚባል የሩጫና የዝላይ ጨዋታ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚታይ ሆኖ፥ ተጫዋቹ በእጁ ቁልፍ በመጫን ፈንታ መሬት ላይ በተዘረጋ ምንጣፍ ላይ በእግሩ እየረገጠ የሚሮጥበት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኒንቴንዶ የምንጣፉን መብት ገዛና በ1988 ያንኑ ጨዋታ «ዎርልድ ክላስ ትራክ ሚት» ብሎ ሰይሞ አወጣው። የፊተኛው ከገበያ ተነሣ፤ የኋለኛው ግን በያለበት ተሠራጨ። ዛሬ የኋለኛው በጥቂት ዶላር ይገኛል። የፊተኛው ግን በፌብሩዋሪ 2010 ከነካርቶኑ በኢቤይ ሐራጅ ወጥቶ በ13,105 ዶላር ተሽጧል።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ ከስሙና ከመግቢያው ሥዕል በቀር ሁለቱ አንድ ጨዋታ ናቸው ለማለት መቻሉ ነው። ሩጫው ያው ሩጫ፥ ዝላዩም ያው ዝላይ ነው። ስለዚህ ለማታለል ያሰበ ሰው ብዙ ጥበብ አያሻውም፤ ርካሹን ገዝቶ፥ የፊት ወረቀቱን ልጦ፥ የውዱን ስም የያዘ ወረቀት አሳምሮ አሳትሞ ቢለጥፍበት ይበቃዋል። ካርትሪጁን መሣሪያው ውስጥ ከትቶ የሚሞክር ገዢ መግቢያውን አይቶ ይነቃበታል። በመስተዋት ውስጥ ደርድሮ የሚያየው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ላይነቃ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው። ፕሮግራሙ በማንም ኮምፒዩተር ላይ ሊገለበጥ በሚችልበት በዚህ ዘመን፥ ሰው በአሥር ሺሕ ዶላር የሚገዛው ምንድን ነው? አስመሳዩስ ከእርሱ የሚሰርቀው ምንድን ነው? ገንዘቡን ብቻ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ይሰረቃል እንላለን።

ካርትሪጅ ማለት የመዳፍ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው። በውስጡ አንድ ቦርድ አለ፤ በቦርዱም ላይ ጨዋታው የተጻፈባቸው ቺፖች ተበይደዋል። ጨዋታን ከመሣሪያው ለይቶ በዚህ ዐይነት ቺፕ የመሸጥ ሐሳብ በተግባር የታየው በ1976 «ፌርቻይልድ ቻነል ኤፍ» በተባለው መሣሪያ ሲሆን፥ ሥራውን የመራው ጄሪ ሎውሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አታሪ፥ በ1983 ደግሞ በጃፓን ኒንቴንዶ የየራሳቸውን አወጡ።

በፋብሪካ የሚሠራው ቺፕ «ማስክ ሮም» ይባላል። ጽሑፉ ቺፑ ሲሠራ አብሮ የሚቀረጽ ስለ ሆነ ኋላ ሊፋቅም ሊለወጥም አይችልም። አንድን ጨዋታ ለማስቀረጽ የመጀመሪያው ወጪ ከባድ ነው፤ በብዙ ሺሕ ሲታዘዝ ግን የእያንዳንዱ ዋጋ ይረክሳል። ነገሩ ልክ እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ጥቂት ቅጂ ብቻ የሚሠራ አስመሳይ ይህ ወጪ አያዋጣውም። ስለዚህ ተጽፎ ሊፋቅ በሚችል ቺፕ ይጠቀማል፤ ቀድሞ ኢፕሮም በሚባለው፥ በላዩ ትንሽ የመስተዋት መስኮት ባለውና በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚፋቀው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በርካሹ ፍላሽ ሜሞሪ ነው።

የሰብሳቢዎች የመጀመሪያ መመርመሪያም ከዚህ ይመነጫል። የኒንቴንዶ ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ተራ ካቻቢቴ በማይፈታው ብሎን ነው፤ ለዚሁ የተሠራ የ3.8 ሚሊሜትር መፍቻ ያስፈልጋል። ሣጥኑ ሲከፈት በቦርዱ ላይ የኩባንያው ስም ታትሞ ይታያል፤ በቺፑ ላይ የተጻፈውም ቍጥር ከጨዋታው ጋር መስማማት አለበት። በእጅ የተበየደ ሽቦ፥ ወይም ባለ መስኮት ቺፕ ከተገኘ መርማሪው ይጠረጥራል።

ነገር ግን ምልክት ሁሉ እርግጠኛ አይደለም። ኒንቴንዶ በ1990 በአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ የዓለም ሻምፒዮና ያለውን ውድድር አድርጎ ነበር። ለመጨረሻው ዙር ለደረሱት 90 ግራጫ ካርትሪጆች ተሰጡ፤ 26 የወርቅ ቀለም ያላቸው ደግሞ «ኒንቴንዶ ፓወር» በተባለው መጽሔት በኩል በሽልማት ወጡ። በውስጣቸው ያለው ሦስት ጨዋታዎችን በ6 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ የሚያጫውት ውድድር ነው፤ ጊዜውም በቦርዱ ላይ ባሉ ትናንሽ ማብሪያዎች ሊለወጥ ይችላል። ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው ከሚፈልጓቸው ካርትሪጆች መካከል እነዚህ ይገኛሉ። ታዲያ ይህን ያህል ጥቂት ለሆነ ነገር ማስክ ሮም ማስቀረጽ ስለማያዋጣ፥ ኩባንያው ራሱ የተጠቀመው በኢፕሮም ነው። ደንቡን በቃሉ ብቻ የያዘ መርማሪ እውነተኛውን ሐሰተኛ ሊለው ነው።

አንዳንድ ጊዜም ጨዋታው ራሱ ምስክር ይሆናል። በ1995 በአሜሪካ የወጣው «ኧርዝባውንድ» የተጫዋቹን ጕዞ የሚመዘግበው ሜሞሪ መጠኑ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። ካልሆነ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያወጣል። ገልባጩ ይህን ቢያልፈው፥ ሌላ የተደበቀ ምርመራ ጠላቶችን ከልክ በላይ ያበዛበታል። ይህንንም ታግሦ እስከ መጨረሻው ፍልሚያ ለደረሰ ተጫዋች ጨዋታው እዚያው ደርቆ ይቆማል፤ የተመዘገበውም ሁሉ ይሰረዛል። ደራሲዎቹ ይህን ሲያስቡ ምን ያህል እንደሳቁ መገመት አያዳግትም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ውድ ዕቃ ነው። ከልጆች እጅ የሚደርሱት አስመሳዮች ግን ሌሎች ናቸው። በ2005 በአሜሪካ የወጣውን «ፖኬሞን ኤመራልድ»ን እንመልከት። ብርቅ አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ተሽጧል። ሆኖም ፈላጊው ስላላለቀ አሮጌው ዛሬ አዲስ ሳለ ከነበረው ዋጋ በላይ ያወጣል። የእውነተኛው ሣጥን ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፤ በውስጡ ክብ ባትሪ ይታያል። ባትሪው ሰዓት ለመቍጠሪያ ብቻ ነው፤ የተጫዋቹ ጕዞ የሚመዘገበው ባትሪ በማይሻ ሜሞሪ ስለ ሆነ፥ ባትሪው ቢያልቅ ጨዋታው ይህንኑ ተናግሮ ይቀጥላል። አስመሳዩ ግን አያሌ ጊዜ ለሰዓቱ ባትሪ ስለሌለው ገና በተገዛበት ቀን ባትሪዬ አልቋል ይላል። ከዚህ የከፋም አለ። ልጁ ሳምንታት ደክሞ የመጨረሻዎቹን ባላንጣዎች ድል ከነሣ በኋላ፥ ድሉ ሲመዘገብ የተቀመጠው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ሻጩ በዚያን ጊዜ አድራሻውን ለውጦ ይሆናል። እኛ አሥራ ሦስት ሺሕ ዶላር ካወጣው ሰብሳቢ ይልቅ ለዚህ ልጅ እናዝናለን።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፕሮግራሙ ሳይጐድል ሊገለበጥ የሚችል ነገር ነው፤ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ መቶኛው ከመጀመሪያው አያንስም። ሊገለበጥ የማይችለው የዕቃው ምስክርነት ነው፦ የትኛው ፋብሪካ በምን ቺፕ እንደሠራው፥ ስሕተት ተገኝቶ በሁለተኛው እትም የትኛው ክፍል እንደታረመ፥ ሽልማት ይሁን ሽያጭ። የዚህ ዐይነት ነገር ብዙውን ጊዜ በኩባንያ መዝገብ ለሕዝብ አልተገለጸም፤ የሚታወቀው ሰዎች ሣጥን እየከፈቱ ቦርዱን ፎቶግራፍ እያነሡ ስለመዘገቡት ነው። አንድ አስመሳይ በዚያ መዝገብ ውስጥ እንደ እውነተኛ ከገባ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መርማሪ በተሳሳተ ሚዛን መመዘኑ ነው። ተሰረቀ የምንለው ይህ ነው።

ጥፋቱ በዚህም አያበቃም። ቅጂ የሚሠሩ ሰዎች ሣጥኑን፥ ቦርዱንና የኒንቴንዶን መሣሪያ የሚያስከፍተውን ቺፕ ለማግኘት ሲሉ የማይፈለጉ የሚሏቸውን እውነተኛ ካርትሪጆች እያፈረሱ ኖረዋል። ዛሬ የማይፈለገው ነገ ይፈለግ እንደሆነ ማን ያውቃል? «ስቴዲየም ኢቨንትስ»ም በ1987 ማንም የቈጠረው ዕቃ አልነበረም።

ሰብሳቢዎች ከዚህ ፍርሃት ለመዳን ዕቃቸውን ለመርማሪ ድርጅት ይሰጣሉ፤ ድርጅቱ መርምሮ ደረጃ ሰጥቶ በጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ያሽገዋል። በጁላይ 2021 ያልተከፈተ «ሱፐር ማርዮ 64» በሄሪቴጅ ሐራጅ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዋጋው የተሰጠው ላለመከፈቱ ስለ ሆነ ውስጡን ከፍቶ ያየ የለም፤ ቢከፈት ዋጋው ይወድቃልና። ገዢው የገዛው እንግዲህ የመርማሪውን ቃል ነው። የመርማሪውን ችሎታ ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ምርመራን በሚከለክል ነገር ላይ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ መሰጠቱ እኛን ያስገርመናል።

ቅጂ ሁሉ ግን ሐሰት ነው አንልም። በአገራችን ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አታላይ የሚለው የለም፤ ቅጂውን ቅጂ ብሎ ይሰጣልና። «ማዘር 3» በ2006 በጃፓን ብቻ ወጣ፤ ወዳጆቹ በ2008 በእንግሊዝኛ ተርጕመው ትርጕሙን በነጻ አደሉ። ያንን ትርጕም በካርትሪጅ ላይ አድርጎ የሚይዝ ሰው የእንግሊዝኛ እትም ፈጽሞ ስላልነበረ ማንንም ስለ እውነተኛው አያሳስትም። (በነጻ የተሰጠውን የሚሸጠው ሰው ግን ሌላ ጕዳይ አለበት።) በቦርዱ ላይና በፊት ወረቀቱ ላይ «ቅጂ» የሚል ቃል በማይፋቅ ቀለም ቢታተም ልዩነቱ ይጠበቃል፤ አንዳንድ ሠሪዎችም ይህን ያደርጋሉ። ችግሩ ከሦስተኛው ባለቤት በኋላ ወረቀቱ መላጡ ነው፤ ስለዚህ እኛ የምንመርጠው በቦርዱ ላይ የሚታተመውን ነው።

አንድ ነገር ይቀረናል። ኢፕሮም ጽሑፉን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ኀይል ነው፤ ይህም ኀይል በብዙ ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይፈስሳል። የ1990ዎቹ የሻምፒዮና ካርትሪጆች ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከነዚህ አንዱ ቢደክም ይዘቱ አስቀድሞ ስለተገለበጠ ጨዋታው አይጠፋም፤ ባለቤቱም ቺፑን አውጥቶ ያንኑ ጽሑፍ በአዲስ ኢፕሮም ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ሣጥኑ፥ ቦርዱና ቍጥሩ የጥንቱ ሆነው ቺፑ ብቻ አዲስ ሲሆን፥ ዕቃው ከ90ዎቹ አንዱ ሆኖ ይቈጠር ወይስ አይቈጠር በሚለው ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ሁለት ምሽት ተከራክረን አልተስማማንም።